መሪ የሌለው ክብ፦ የአየርላንድ የገጠር መጠጥ ቤት ሙዚቃ በፊዚክስ ዓይን

በምዕራብ አየርላንድ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ክሌር የምትባል አውራጃ አለች። በዚህች አውራጃ ከሚገኙት እንደ ዱሊንና ሚልታውን ማልቤይ ካሉት ትንንሽ መንደሮች በአንዱ፣ ምሽት ላይ ወደ ፐብ፣ ማለትም ወደ ሰፈሩ መጠጥ ቤት የገባ እንግዳ፣ በአንድ ጥግ ጠረጴዛ ከብበው ሙዚቃ የሚጫወቱ ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች ያገኛል። መድረክ የለም። የድምፅ ማጉያ የለም። የኖታ ወረቀት የለም። በትር ይዞ የሚመራቸው ሰውም የለም። እንዲያውም አብዛኞቹ ጀርባቸውን ለታዳሚው ሰጥተው የሚተያዩት እርስ በርሳቸው ነው። አንዷ ቫዮሊኗን አንሥታ ዜማ ትጀምራለች፤ ጥቂት ኖታዎች እንደተሰሙ ዜማውን የሚያውቁት ሁሉ ይገቡበታል፤ የማያውቁት መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ። ዜማው ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ፣ በአንድ ጥቅሻ ወይም በአንድ አጭር ድምፅ ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ወደ ሌላ ዜማ ይሻገራሉ። አየርላንዳውያን ይህን ዓይነቱን ስብስብ «ሴሽን» ብለው ይጠሩታል።

ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ያለ መሪ እንዴት አንድ ላይ ይቆያሉ? ክቡን ምን ያጸናዋል፣ ምንስ ያፈርሰዋል? ጥያቄው ለሙዚቃ ባለሙያዎች ብቻ የሚተው አይደለም። በአሥረኛና በአሥራ አንደኛ ክፍል የምንማራቸው የሞገድ ሕጎች፣ የድምፅ ፍጥነት፣ የርግብግቢት ድግግሞሽና ዴሲቤል፣ በዚህ ጠባብ ጥግ በሙሉ ሥራ ላይ ናቸው።

አስቀድመን ግን ስለ ልማዱ ዕድሜ ጥቂት እንበል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴሽን ከጥንት ጀምሮ የነበረ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዜማዎቹስ በእርግጥ የቆዩ ናቸው። የቺካጎ ከተማ የፖሊስ አዛዥ የነበረው አየርላንዳዊው ፍራንሲስ ኦኒል በ1903 ያሳተመው ስብስብ ብቻ 1,850 ዜማዎችን ይዟል። በመጠጥ ቤት ከብቦ መጫወቱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ልማድ ነው። ከዚያ በፊት ሙዚቃው በዋነኛነት የሚሰማው በገበሬው ቤት፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ለጭፈራ ነበር። በ1935 የወጣው የጭፈራ አዳራሾች ሕግ ሕዝባዊ ጭፈራን በፈቃድ ብቻ የሚደረግ አደረገው፤ ካህናቱና ፖሊሱም በየመንደሩ የነበረውን የቤት ውስጥ ጭፈራ ጭምር ይከለክሉ ጀመር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ደግሞ እጅግ ብዙ ወጣት ለግንባታ ሥራ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። የቀን ሠራተኛው ለንደን ውስጥ በተከራያት ጠባብ ክፍል ቫዮሊን ቢያነሣ አከራዩም ጎረቤቱም አይታገሡትም፤ ስለዚህ የአገሩን ልጆች ፍለጋ በካምደን ታውንና በአካባቢው ወደሚገኙት መጠጥ ቤቶች ይሄድ ነበር። ክቡ የተሠራው እዚያ ነው። በ1951 ኮልታስ የተባለው የባህል ሙዚቀኞች ማኅበር ተመሥርቶ፣ ፍላ ኪዮል የተሰኘው ዓመታዊ የሙዚቃ በዓል በመሊንጋር ከተማ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ አዲሱ ልማድ በአገር ቤት መጠጥ ቤቶች እየተስፋፋ ሄደ። እንግዲህ ዛሬ ጎብኚ ሁሉ «ጥንታዊው አየርላንድ» እያለ የሚያደንቀው ነገር ከፊሉ የስደት ልጅ ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች ከተሞች የሚገኙ ወገኖቻችን በየምግብ ቤቱ የሚያደርጉትን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

አሁን ወደ ክቡ እንመለስ። በሴሽን ውስጥ በብዛት ከሚሰሙት የዜማ ዓይነቶች አንዱ «ሪል» ይባላል። ፍጥነቱ በደቂቃ 112 ምት ነው እንበል። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ 4 ፈጣን ኖታዎች አሉ። አንዱ ምት 536 ሚሊሰከንድ ያህል ከሆነ፣ የአንዱ ኖታ ዕድሜ 134 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል ድምፅ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ተጫዋቾቹ በ2 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቢቀመጡ፣ የአንዱ ድምፅ ሌላውን ለመድረስ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ ከአንድ ኖታ ዕድሜ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። እነዚያኑ ሰዎች 20 ሜትር ስፋት ባለው አዳራሽ ዳርና ዳር ብናስቀምጣቸው ግን መዘግየቱ 58 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም ወደ ግማሽ ኖታ የሚጠጋ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ከመድረክ ርቆ የተቀመጠ አድማጭ ድምፁ ዘግይቶ ቢደርሰው ምንም አይጎዳም፤ ሁሉም እኩል ይዘገይበታልና። ችግሩ የሚፈጠረው ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጠባበቁ ነው። የመጀመሪያው ጓደኛውን ዘግይቶ ስለሚሰማ «ቀድሜዋለሁ» ብሎ ጥቂት ይታገሣል። ሁለተኛውም በበኩሉ እንደዚሁ ያደርጋል። ሁለቱም ሲታገሡ ዜማው ከምት ወደ ምት እየተጎተተ ይሄዳል። በ2004 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ክሪስ ቼፍና ባልደረቦቹ ሰዎችን ጥንድ ጥንድ አድርገው በተለያዩ ክፍሎች በማስቀመጥና በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማሙ እንዲያጨበጭቡ በማድረግ ይህን መርምረው ነበር። መዘግየቱ ከ11 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲበልጥ ጭብጨባው እየቀዘቀዘ ሄደ። የሚያስደንቀው ከዚያ ሲያንስ ደግሞ ጥቂት መፋጠኑ ነው። 11 ሚሊሰከንድ በአየር ውስጥ ሲለካ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርቀት ነው። የመጠጥ ቤቱ ጥግ ጠረጴዛና በዙሪያው ያሉት ወንበሮች ከዚህ ልክ አያልፉም። ክቡን በዚህ መጠን የቀየሰው መሐንዲስ የለም፤ ጆሮ ራሱ ነው ያስጠጋጋቸው።

ቅርበት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። እያንዳንዱ ተጫዋች በተፈጥሮው የሚመቸው የራሱ ፍጥነት አለው፤ አንዱ ችኩል ነው፣ ሌላው ዝግ ይላል። እነዚህን የሚያስማማው ምንድን ነው? የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1665 ታምሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ በአንድ አግዳሚ እንጨት ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶቹ ምን ጊዜም ተስማምተው፣ ነገር ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወዛወዙ አየ። ሆን ብሎ ሲያዛባቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ስምምነታቸው ተመለሱ። ምስጢሩ በእንጨቱ ውስጥ ነበር፦ ዓይን የማያየው ጥቂት ንዝረት ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ይተላለፋል። ጃፓናዊው የፊዚክስ ሊቅ ዮሺኪ ኩራሞቶ በ1975 ይህን ሐሳብ ለብዙ ተወዛዋዦች አስፋፍቶ፣ ስምምነቱ ቀስ በቀስ የሚመጣ ሳይሆን የራሱ መነሻ ደፍ ያለው መሆኑን በሒሳብ አሳየ። በተወዛዋዦቹ መካከል ያለው ትስስር ከግል ፍጥነታቸው መለያየት ጋር ሲነጻጸር ደካማ ከሆነ ሁሉም በየፊናው ይሄዳል፤ ትስስሩ ደፉን ሲያልፍ ብቻ የጋራ ምት ይወለዳል። ሰው ሰዓት አይደለም፣ ዜማንም የሚጫወት ሰው አስቀድሞ ይገምታል፤ ስለዚህ ምሳሌው ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ያም ሆኖ በሴሽን ውስጥ የሃይገንስን እንጨት የሚተካው ምን እንደሆነ መናገር ይቻላል፤ ጆሮ፣ የቫዮሊን ደጋን የያዘውን ክንድ የሚከታተል ዓይን፣ የእንጨቱን ወለል የሚመታ የእግር ጣት። ከነዚህ አንዱ ሲዳከም ትስስሩ ይላላል።

ባውራን የሚባለው በፍየል ቆዳ የተለበጠ ክብ ከበሮ በዚህ ረገድ አወዛጋቢ ነው። አንድ ጥሩ ተጫዋች ከያዘው ለሁሉም የጋራ ምሰሶ ይሆናል፤ ሁለት ከሆኑ ግን ክቡ ሁለት እምብርት ይኖረዋል፤ በብዙ ሴሽኖች ሁለተኛ ከበሮ ይዞ የመጣ ሰው በክፉ ዓይን መታየቱም ስለዚህ ነው። በሙዚቀኞቹ ዘንድ የሚዘወተር ቀልድ እንደሚለው ለባውራን ከሁሉ የሚሻለው መምቻ ሴንጢ ነው። የአየርላንድ እርጥበት የፍየል ቆዳውን ያላላዋል፤ ከበሮ መቺው ምሽቱን ሙሉ ቆዳውን ሲያሞቅና ሲያጠብቅ ይታያል። ከበሮን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድምፁን የሚያስተካክል የአገራችን ሰው ምክንያቱን ያለ ትምህርት ያውቀዋል።

የትስስሩ ነገር በምን ያህል ክር እንደተንጠለጠለ ዓለም ያየው በ2020 ነው። በመጋቢት ወር አጋማሽ የኮሮና ወረርሽኝ የአየርላንድን መጠጥ ቤቶች አዘጋ፤ ሙዚቀኞችም በየቤታቸው ኮምፒዩተር ከፍተው በኢንተርኔት አብረው ለመጫወት ሞከሩ። አልሆነም። ውሎ አድሮ የተስማሙበት ዘዴ አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ የራሳቸውን ድምፅ ዘግተው፣ እርሱን እያዳመጡ ለብቻቸው እንዲከተሉ ማድረግ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሬዲዮ ጋር እንደ መጫወት ነው። ምክንያቱን እናስላው። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደብሊን እስከ ቦስተን ያለውን ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት በቀጥታ መሥመር ቢሄድ እንኳ 24 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ይህ በአንድ ክፍል ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ ተራርቆ ከመቀመጥ ጋር እኩል ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መዘግየቱ 58 ሚሊሰከንድ፣ በአየር ሲለካ ወደ 20 ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ ካሜራው፣ ማይክሮፎኑና የመገናኛ ፕሮግራሙ መረጃውን አጠራቅመው ለመላክ የሚወስዱት ጊዜ ሲጨመር ተራው የቪዲዮ ጥሪ በቀላሉ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። መዘግየቱን የሚቀንሱ ልዩ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል፤ በአንድ ከተማ ውስጥም ይጠቅማሉ። የብርሃንን ፍጥነት ግን የሚያሻሽል ፕሮግራም አይኖርም። አዲስ አበባ ያለ ማሲንቆ መቺና ዋሽንግተን ያለች ዘፋኝ በፈጣን ዜማ፣ በቀጥታ፣ ልክ በአንድ ጠረጴዛ እንዳሉ ሆነው የሚጫወቱበት ቀን የሚከለከለው በመሣሪያ እጥረት ሳይሆን በተፈጥሮ ሕግ ነው።

ስለ ቅኝት ደግሞ እንነጋገር፤ ለፊዚክስ ሰው እጅግ የሚጣፍጠው ክፍል ይህ ነውና። በክቡ ውስጥ ሁሉም የሚጫወተው አንድ ዓይነት ዜማ ነው፤ እንደ አውሮፓ ኦርኬስትራ ድምፅ አይከፋፈሉም። ስለዚህ የቅኝት ልዩነት የሚሸሸግበት ቦታ የለም። አንዱ ቫዮሊን በ440፣ ሌላው በ442 ሄርዝ ቢቃኝ በሰከንድ 2 ጊዜ የሚሞላና የሚጎድል ድምፅ ይሰማል። ይህን ክስተት ከመምህሮቻችን ዘንድ በሁለት የድምፅ ሹካዎች አይተነዋል። ጥቂቱ ሞልቶ መጉደል ለሴሽን ውበት ነው፤ ሲበዛ ግን ጆሮ ያሳክካል።

ከእንጨት የተሠራው ዋሽንት ችግሩን ከበር ጀምሮ ይዞት ይገባል። በዋሽንት ውስጥ የሚርገበገበው አየር ስለሆነ የድምፁ ድግግሞሽ ድምፅ በአየሩ ውስጥ ካለው ፍጥነት ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል። በዋሽንቱ ውስጥ ያለው አየር ከ15 ወደ 25 ዲግሪ ቢሞቅ የድምፅ ፍጥነት ከ340 ወደ 346 ሜትር በሰከንድ ገደማ ያድጋል፤ 440 ሄርዝ የነበረውም ድምፅ ወደ 447 ሄርዝ ይጠጋል። ስለዚህ ከብርድ የገባ ዋሽንት ነፊ ጥቂት ሳያሞቅ አይገባም። (በነገራችን ላይ ብዙ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ድምፅ የሚዘገይ ይመስላቸዋል። አይደለም። ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ የድምፅ ፍጥነት በባሕር ጠለልና በእንጦጦ ራስ ላይ እኩል ነው፤ ግፊቱና እፍጋቱ አብረው ስለሚቀንሱ ይጣፋሉ።)

ከጎኑ ግን ሙቀት እምብዛም የማይነካው መሣሪያ ተቀምጧል፤ ኮንሰርቲና። በሁለት እጅ መካከል የሚለጠጥና የሚታጠፍ ትንሽ የወናፍ መሣሪያ ሲሆን፣ ድምፁ የሚወጣው አየር ከሚያርገበግባቸው ቀጫጭን የብረት ልሳኖች ነው። የእንግሊዙን ኮንሰርቲና የፈለሰፈው ማን እንደሆነ ለተማሪዎቻችን ስንነግራቸው አያምኑንም፤ ቻርልስ ዊትስቶን ነው። አዎን፣ በቤተ ሙከራ ያልታወቀ ሬዚስታንስ የምንለካበት «የዊትስቶን ድልድይ» ባለቤት። እንዲያውም ድልድዩን በ1833 አስቀድሞ ያሰበው ሳሙኤል ሃንተር ክሪስቲ ሲሆን ዊትስቶን በ1843 ያስፋፋው ነው፤ ኮንሰርቲናው ግን የራሱ ነው። የክሌር ሰዎች የሚወዱት ሌላኛውን ዝርያ፣ አንዱን ቁልፍ ተጭነው ሲገፉትና ሲስቡት የተለያየ ድምፅ የሚሰጠውን ነው። የዚህ መሣሪያ እውቅ ተጫዋች የነበሩት ኤልዛቤት ክሮቲ (1885–1960) በኪልረሽ ከተማ ከባለቤታቸው ጋር የመጠጥ ቤት ባለቤት ነበሩ።

የብረት ልሳን አንድ ጊዜ ከተሞረደ በኋላ በጨዋታ መካከል ቅኝቱን መለወጥ አይቻልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞረደው ደግሞ አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል እርከኖች በተከፈለበት ሥርዓት ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው «ኢለን» የተባለው በክንድ የሚነፋ የአየርላንድ ባለ ከረጢት ዋሽንት ግን ሌላ ሕግ ያውቃል፤ በ2017 ዩኔስኮ ጥበቡን በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስፍሮታል። ይህ መሣሪያ ከዜማው ሥር ሳያቋርጥ የሚያንጎራጉሩ ሦስት ቱቦዎች አሉት፤ ዜማው ከማንጎራጎሩ ጋር የሚስማማው በቀላል የቁጥር ጥምርታ ሲቃኝ ነው። ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የማንጎራጎሪያው ድምፅ አንዱ ክፍል 293.7 ሄርዝ ይሁን። ከእርሱ በላይ ያለው ሦስተኛው ድምፅ በንጹሕ ጥምርታ (5 ለ 4) 367.1 ሄርዝ ሲሆን፣ በኮንሰርቲናው እኩል እርከን ግን 370 ሄርዝ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ 5ኛ ተነባባሪ 1,468 ሄርዝ፣ የኮንሰርቲናው 4ኛ ተነባባሪ ደግሞ 1,480 ሄርዝ ይሆናል፤ በሁለቱ መካከል በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጥ ሻካራነት ይፈጠራል። ታዲያ ማን ለማን ይገዛል? የቫዮሊን ተጫዋቿ ጣቷን ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል አንሸራታ ከሁለቱ አንዱን ትመርጣለች፤ ወይም በመካከል ታስታርቃቸዋለች። ማሲንቆና ኪቦርድ በአንድ መድረክ ሲገናኙ የአገራችን አድማጭ የሚሰማውም አለመጣጣም ዘመዱ ነው። ማሲንቆ መቺው የጭራ ክሩን በጣቱ ወደፈለገበት ይወስደዋል፤ ኪቦርዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ሁልጊዜም የሚሸነፈው ማሲንቆው መሆኑ እኛን ያሳዝነናል።

አሁን ክቡን ወደሚያሰጋው ነገር እንለፍ። እኩል ኃይል ያላቸው ሁለት የድምፅ ምንጮች ሲደመሩ 3 ዴሲቤል፣ ስምንት ሲሆኑ 9 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራሉ። ስምንት ሙዚቀኛ ከአንድ ሙዚቀኛ ስምንት እጥፍ ጎልቶ አይሰማም፤ ጆሮ የሚፈርደው እጥፍ ያህል ነው። በአንጻሩ ወሬ ራሱን ያባዛል። ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ በ1911 እንዳስገነዘበው ሰው ጫጫታ ሲሰማ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ጠረጴዛ ከፍ ሲያደርግ ጎረቤቱ ይጨምራል፤ እርሱ ሲጨምር የመጀመሪያው እንደገና ይጨምራል። ሙዚቀኞቹ እርስ በርስ መሰማማት ሲያቅታቸው ቀደም ሲል ያነሣነው ትስስር ከደፉ በታች ይወርዳል፤ መጀመሪያ ዝግ ያሉ ዜማዎች ከምሽቱ ይጠፋሉ፣ ቀጥሎ ዋሽንቱ ዝም ይላል፣ በመጨረሻ ክቡ ይበተናል። ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ በቆየንባቸው ዓመታት ይህ ሲሆን ከአንድ ጊዜ በላይ አይተናል፤ ማንም አልተቆጣም፣ መሣሪያዎቹ ብቻ አንድ በአንድ ወደ ሣጥናቸው ገቡ።

የታዳሚው ነገር ሁለት መልክ አለው። ስምንት ሜትር በስድስት፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል እናስብ፤ ይዘቱ 120 ሜትር ኩብ ነው። ዋላስ ሳቢን ባገኘው ቀመር የማስተጋባት ጊዜው 0.16 ጊዜ ይዘቱ ሲካፈል ለጠቅላላው የድምፅ መጣጭ ስፋት ነው። ባዶው ክፍል 12 ሜትር ካሬ መጣጭ ቢኖረው ድምፁ 1.6 ሰከንድ ያስተጋባል፤ 134 ሚሊሰከንድ ለምትቆይ ኖታ ይህ እንደ ጭቃ ነው። ካፖርት የለበሱ 40 ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሽ ሜትር ካሬ ያህል ይዘው ሲገቡ መጣጩ 32 ይሆንና ጊዜው ወደ 0.6 ሰከንድ ይወርዳል። ኖታዎቹ ይጠራሉ። ሙዚቃውን የሚያጠራው አካልና የሚያውከው አፍ የአንድ ሰው መሆናቸው ነው ችግሩ።

አንዳንድ ባለ መጠጥ ቤቶች ለጎብኚ ሲሉ መፍትሔ አድርገው ያመጡት ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ነው። በእኛ አስተያየት ይህ መድኃኒት ሳይሆን የበሽታው ሌላ ደረጃ ነው። ማጉያው ከክቡ 8 ሜትር ርቆ ሲሰቀል ሙዚቀኞቹ የራሳቸውን ድምፅ በ23 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ፣ ያውም ከጓደኛቸው ይልቅ ጎልቶ ይሰሙታል። ታዳሚውም የሎምባርድን ሕግ አክብሮ ድምፁን ከማጉያው በላይ ያወጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በማይክሮፎን ፊት የሚቀመጥ የተመረጠ ሰው ነው። በዱሊን የኖረው ሚኮ ራስል (1915–1994) ዓይነት ገበሬ ሙዚቀኛ ያደገው፣ በዚያም አካባቢ ዛሬ ድረስ ልጆች የሚማሩት፣ ከሚችሉት ጎን ተቀምጠው የሚያውቁትን እየተጫወቱ፣ የማያውቁትን እያዳመጡ ነው። የክቡ ዳር ወንበር ትምህርት ቤት ነው። ማጉያ ሲመጣ የሚጠፋው መጀመሪያ ያ ወንበር ነው።

የእኛ አዝማሪ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ የሚቆመው ለታዳሚው ፊት ለፊት ነው፣ ሥራውም ከአድማጭ ግጥም እየተቀበለ መልሶ መስጠት ነው። ቢሆንም የጠጅ ቤቱ ማሲንቆ ለጠጅ ቤቱ ስፋት የተሠራ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በየከተማው በማጉያ ታጅቦ ሲጮህ፣ ከወዲያኛው ጥግ ግጥም ሊቀበል የፈለገ ሰው ቃሉን አዝማሪው ጆሮ ድረስ ማድረስ ያቅተዋል።

የመዘግየቱን ነገር በራሳችሁ ጆሮ ለመመርመር የምትሹ ተማሪዎች ኳስ ሜዳ ይበቃችኋል። ሁለት ሆናችሁ በ2 ሜትር ርቀት ቁሙ፤ ጓደኛችሁን እየሰማችሁ፣ ነገር ግን ጀርባ ለጀርባ ሆናችሁ፣ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል እኩል አጨብጭቡ። ሦስተኛ ሰው ጭብጨባውን በስልክ ይቅዳ፤ በ30 ሰከንድ ውስጥም ስንት እንደሆነ ይቁጠር። ከዚያ ርቀቱን 10፣ 20፣ 34 ሜትር እያደረጋችሁ ድገሙት። በ34 ሜትር መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። ነፋስ የሌለበትን ማለዳ ምረጡ፤ ሙቀቱንም መመዝገብ አትርሱ።